ከላይ የታየው ሸክላና ከላይ ያልታየው ሸክላ፦ የማርሱ ጌል ጉድጓድ የጉዳይ ጥናት

ጉዳዩ ለምን ይመዘገባል

ከምህዋር የተነሳ ምስል አይቶ "እዚህ ቦታ እንዲህ ያለ ማዕድን አለ" ማለት ዛሬ የተለመደ ነው። ቦታው ሌላ ፕላኔት ላይ ከሆነ ግን ሄዶ ማረጋገጥ ብርቅ ነው። አብዛኞቹ ካርታዎች እንደተሠሩ ይቀራሉ። የሚፈትናቸው የለም።

ማርስ ላይ ያለው የጌል ጉድጓድ ዕድለኛ ነው። መንኮራኩር ከላይ አይታ ሸክላ አለ ያለችበት ቦታ ሮቦት ደርሶ ድንጋዩን ቆፈረ። ሸክላው እውነትም ነበረ። ይሄ ብቻ ቢሆን ጥሩ የስኬት ወሬ ሆኖ ባለፈ ነበር። ነገር ግን ያው ሮቦት ከስድስት ዓመት ቀደም ብሎ ሌላ ቦታ ቆፍሮ ነበር። እዚያ ከላይ ሲታይ የሸክላ ምልክት አልነበረም። ዱቄቱ ሲመረመር ግን አንድ አምስተኛ ያህሉ ሸክላ ሆኖ ተገኘ። ሁለቱን ቁፋሮዎች ጎን ለጎን አስቀምጦ ማየት ስለ ሳተላይት ምስል ብዙ ያስተምራል።

ሥራው የብዙ ቡድኖች ድምር ስለሆነ ግለሰቦችን በስም አላነሳም። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ዳራ፦ ሸክላ ለምን ይፈለጋል

የሸክላ ማዕድናት የሚፈጠሩት ድንጋይ ከውሃ ጋር ሲቆይ ነው። በውስጣቸው በቀጫጭን ንብርብር የተደረደሩ ናቸው። ስሜክታይት የሚባለው ዘር በንብርብሮቹ መሃል ውሃ ያስገባል። ይህ ዘር እኛም አገር ሞልቷል። በክረምት እግር ይዞ አላላውስ የሚለው፣ በበጋ ደግሞ እጅ እስኪያስገባ የሚሰነጣጠቀው የደጋው ዋልካ አፈር ጠባዩን ያገኘው ከስሜክታይት ነው። የመንገድ መሐንዲሶች ጭንቀቱን ያውቁታል።

ማርስ ዛሬ ደረቅና ቀዝቃዛ ናት። አየሯ ስስ ስለሆነ ውሃ መሬቷ ላይ ፈሶ መቆየት አይችልም። እዚያ ስሜክታይት ከተገኘ የድሮ ታሪክ ነው ማለት ነው። ድንጋዩ ሲፈጠር ውሃ ነበረ። ውሃው ደግሞ አሲድ ያልበዛበት፣ ለሕይወት የማያስቸግር ዓይነት ሊሆን ይችላል። ሌላም ጥቅም አለ። ሸክላ ካርቦን ያላቸውን ውህዶች በንብርብሮቹ አቅፎ ለረጅም ዘመን ማቆየት ይችላል። በማርስ ላይ የጥንት ሕይወት ዱካ የሚፈልግ ሰው ሸክላ ቢያሳድድ አይገርምም።

ፍለጋው መልክ የያዘው በሁለት መሣሪያዎች ነው። የመጀመሪያው በ2003 መጨረሻ ማርስ የደረሰችው የአውሮፓ መንኮራኩር ማርስ ኤክስፕረስ የያዘችው ኦሜጋ ነው። በ2005 ኦሜጋ በጥንታዊ የማርስ መሬቶች ላይ የሸክላ ማዕድን ማየቱ ተዘገበ። አንድ ፒክስሉ፣ ማለትም የምስሉ ትንሿ ነጥብ፣ ግን በጣም ቢቀርብ 300 ሜትር ይሸፍናል። ለአህጉር ካርታ በቂ ነው፤ የአንድ ተራራ ግርጌ ንብርብር ለመለየት አይበቃም።

ሁለተኛው ክሪዝም ነው። በ2006 ማርስ በደረሰችው የአሜሪካ መንኮራኩር፣ ማርስ ሪኮኔይሰንስ ኦርቢተር ላይ ተሳፍሮ ሄደ። ከ300 ኪሎ ሜትር ግድም ከፍታ ሆኖ አንዱን ቦታ በ18 ሜትር ፒክስል ያነሳል። መንኮራኩሯ እየበረረች መሣሪያው ወደ ኋላ እየዞረ ያንኑ ቦታ ዓይኑን ሳይነቅል ያያል። እያንዳንዱን ፒክስል ደግሞ ከ0.36 እስከ 3.92 ማይክሮሜትር (የሚሊ ሜትር ሺህኛ) ባለው የብርሃን ክልል በ544 ጠባብ ቀለማት ይከፋፍለዋል። ተራ ካሜራ ሦስት ቀለም ብቻ እንደሚይዝ ማስታወስ ልዩነቱን ያሳያል።

ሸክላ ከላይ እንዴት ይታወቃል

የፀሐይ ብርሃን መሬቱን ነክቶ ሲመለስ ሙሉውን አይመለስም። ማዕድኑ የተወሰኑ ቀለማትን ያስቀራል። ሸክላ የሚያስቀራቸው ዓይናችን በማያየው ኢንፍራሬድ ክልል ውስጥ ናቸው። በንብርብሮቹ መሃል ያለው ውሃ በብርሃን መስመሩ ላይ፣ ማለትም ከየቀለሙ ምን ያህሉ እንደተመለሰ በሚያሳየው ግራፍ ላይ፣ 1.9 ማይክሮሜትር አጠገብ ጎድጓዳ ምልክት ይተዋል። ከኦክስጅን ጋር የተጣበቀው ሃይድሮጅን ደግሞ 1.4 አጠገብ ሌላ ይተዋል። ሦስተኛው ምልክት ዓይነቱን ይለያል። አሉሚኒየም ያለበት ሸክላ 2.2 አጠገብ ይጎደጉዳል። ብረት ወይም ማግኒዥየም ያለበት 2.3 አጠገብ ነው። ብረት የበዛበት ኖንትሮናይት ወደ 2.29 ይጠጋል። ማግኒዥየም የበዛበት ሳፖናይት ወደ 2.31 ወይም 2.32 ይሄዳል።

ልዩነቱ ከማይክሮሜትር መቶኛ ጥቂት ነው። ሥራው የሚጠይቀው ጥንቃቄም ከዚህ ይመነጫል። የክሪዝም የአንድ ቀለም እርምጃ 0.0066 ማይክሮሜትር ግድም ነው። ኖንትሮናይትን ከሳፖናይት የሚለየው ክርክር በአራት በአምስት ነጥቦች ላይ ነው የሚካሄደው።

ችግሩ

የአሜሪካው የጠፈር ድርጅት ናሳ ኩሪዮሲቲ የተባለውን ሮቦት የሚያሳርፍበትን ቦታ መምረጥ ነበረበት። በአስር ከሚቆጠሩ ጥቆማዎች መጨረሻ ላይ አራት ቀሩ፦ ኤበርስዋልደ፣ ጌል፣ ሆልደንና ማውርዝ። በአራቱም ሸክላ ከምህዋር ታይቷል። ሮቦቱ ግን አንድ ነው። አንዴ ካረፈ ወደ ሌላው መሄድ አይችልም።

ስለዚህ ጥያቄው ሁለት ሆነ። ከላይ የታየው ምልክት እውነት ሸክላ ነው ወይ? እውነት ከሆነስ፣ የምልክቱ ጥንካሬ የትኛው ቦታ እንደሚሻል ይናገራል ወይ? የመጀመሪያውን የሚያደበዝዙ ነገሮች ጥቂት አልነበሩም። የማርስ አየር 95 በመቶው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ይህ ጋዝ ብርሃኑን የሚውጠው 2 ማይክሮሜትር አካባቢ ስለሆነ የውሃውን የ1.9 ምልክት ጥግ ይነካካል። አቧራ አለ። ብርሃኑ የሚነግረን ስለ ላይኛው ስስ ቆዳ ብቻ ነው፤ ከዚያ በታች ያለውን አያይም። የአቧራ ስስ ሽፋን ከሥሩ ያለውን ድንጋይ መደበቅ ይችላል። መሣሪያው ራሱም የየራሱ ጠባይ አለው። በዚያ ላይ የሚመሳሰሉ ማዕድናት አሉ። ካርቦኔት 2.3 አጠገብ ይጎደጉዳል፤ ከሸክላ የሚለየው 2.5 አጠገብ ሌላ ጥንድ ምልክት ስላለው ነው። ኦፓልም 2.2 አጠገብ ሰፋ ያለ ምልክት ይተዋል፤ ያልተጠነቀቀ ሰው የአሉሚኒየም ሸክላ ነው ሊል ይችላል።

የተወሰዱ እርምጃዎች

አየሩን ማንሳት

መጀመሪያ የአየሩ ተጽዕኖ መውጣት ነበረበት። መፍትሔው ቀላልና ብልሃተኛ ነው። ኦሊምፐስ የተባለው የማርስ እሳተ ገሞራ ተራራ ከፍታው ወደ 22 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ከጫፉ በላይ አየር የለም ማለት ይቻላል። መሣሪያው የተራራውን ጫፍና ግርጌ ያነሳል። የግርጌው ብርሃን ለጫፉ ብርሃን ሲካፈል የድንጋዩ ድርሻ ይጣፋና የአየሩ ብቻ ይቀራል። ይህ የአየር መልክ በየምስሉ ካለው የአየር ውፍረት ጋር ተመጥኖ ይካፈላል። ፍጹም አይደለም። 2 ማይክሮሜትር አካባቢ ብዙ ጊዜ ትንሽ ቅሪት ትቶ ያልፋል። ልምድ ያላቸው አንባቢዎች እዚያ ጋ ያለች እብጠት ሲያዩ አይደነግጡም።

በአንዱ ዓምድ ማካፈል

ቀጥሎ የመሣሪያው ጠባይ መጣ። ክሪዝም ምስሉን የሚያነሳው በዓምድ ነው። በምስሉ ላይ ከላይ እስከ ታች ያለው አንድ መስመር የሚመጣው ከአንድ የጠቋሚ ሴሎች ረድፍ ነው። አንዷ ሴል ትንሽ ብትሳሳት ስህተቷ በዓምዱ ሙሉ ይታያል። ስለዚህ ሸክላ ያለበት የመሰለው ፒክስል በዚያው ዓምድ ላይ ላለ ምንም የተለየ ነገር ለሌለው አቧራማ ቦታ ይካፈላል። የጋራ ስህተታቸው ይጣፋል፤ ልዩነታቸው ገኖ ይወጣል። ደክሞ የነበረ የ2.3 ምልክት ብቅ የሚለው አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ደረጃ ላይ ነው።

ይህ እርምጃ ወጥመድ አለው። አካፋዩ ራሱ ገለልተኛ መሆን አለበት። ገለልተኛ ነው የተባለው ቦታ የራሱ ማዕድን ካለው ውጤቱ ላይ የሌለ ጎድጓዳ ወይም የሌለ እብጠት ይወልዳል። በእኔ እምነት የትኛውም የዚህ ዓይነት ሥራ ሲነበብ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት "ለየትኛው ቦታ ተካፈለ?" የሚለው ነው። ብዙ ሰው ግን የሚያየው ያማረውን ባለ ቀለም ካርታ ነው።

ካርታውን መቀባት፣ ከዚያ ካርታውን አለማመን

544 ቀለም በዓይን አይታይም። ስለዚህ የየምልክቱ ጥልቀት ወደ አንድ ቁጥር ይቀየራል። የ2.3ቱ ጥልቀት ቀይ፣ የ2.2ቱ አረንጓዴ፣ የ1.9ኙ ሰማያዊ ሆኖ ይቀባል። ብረትና ማግኒዥየም ያለበት ሸክላ ቀይና ሰማያዊ ተደባልቆ ሐምራዊ ሆኖ ይወጣል። ካርታው የት መፈለግ እንዳለበት ይጠቁማል። ማስረጃው ግን የየቦታው ሙሉ የብርሃን መስመር ነው። መስመሩ በቤተ ሙከራ ከተለካ የማዕድን ናሙና ጋር ተቀራርቦ ካልታየ ሐምራዊው ነጥብ ግምት ብቻ ነው።

ይህ ማስጠንቀቂያ ባዶ ስጋት እንዳልሆነ ሌላ የማርስ ታሪክ ያሳያል። በ2015 በገደሎች ላይ በየወቅቱ በሚታዩ ጥቁር መስመሮች ውስጥ ውሃ ያዘለ ፐርክሎሬት የተባለ ጨው ከክሪዝም መረጃ ተገኘ ተባለና ዜናው ዓለምን አዳረሰ። በ2018 የወጣ ጥናት ደግሞ የክሪዝም መረጃ ሲጣራ በራሱ 1.9 እና 2.1 አጠገብ የሐሰት ጎድጓዳ ሊፈጥር እንደሚችል አሳየ። ያ የሐሰት ምልክት ከፐርክሎሬት ምልክት ጋር ይመሳሰላል። የጌል ሸክላ ከዚህ የዳነው ምልክቱ በጥቂት የተበታተኑ ፒክስሎች ላይ ስላልነበረ ነው። በብዙ ፒክስሎች ላይ፣ የመሬቱን ቅርጽ ተከትሎ ነበር የሚታየው።

ምስሉን ከንብርብሩ ጋር ማያያዝ

የጌል ጉድጓድ ስፋቱ 154 ኪሎ ሜትር ነው። በመሃሉ ሻርፕ የተባለ ተራራ አለ፤ ከጉድጓዱ ወለል ወደ 5 ኪሎ ሜትር ከፍ ይላል። በ2010 የታተመ ጥናት የተራራውን ግርጌ ከታች ወደ ላይ አነበበው። ከታች ሸክላ፣ ከሱ በላይ ሰልፌት። ሸክላ የውሃ ዘመን ምስክር ነው፤ ሰልፌት ደግሞ ውሃው እየደረቀ የሄደበትን ሊያሳይ ይችላል። ማዕድኑን ያነበበው ክሪዝም ሲሆን ንብርብሩን ያሳየው በአንድ ፒክስል 30 ሴንቲ ሜትር ያህል የሚያነሳው ሃይራይዝ ካሜራ ነው።

ውሳኔው ላይ ይህ ጉዳይ ክብደት ነበረው። ማውርዝ ላይ የነበረው የሸክላ ምልክት ሰፊና ጠንካራ ነው። ነገር ግን ድንጋዩ እንዴት እዚያ እንደተከማቸ ግልጽ አልነበረም። በጌል ሸክላው ጠባብ ቀበቶ ቢሆንም ቦታው ታሪኩን በንብርብር ይዞታል። በጁላይ 2011 ጌል ተመረጠ። ትልቁን ምልክት ትተው የተሻለ አውድ ያለውን መያዛቸውን ብልህ ውሳኔ ብዬ እቆጥረዋለሁ።

ወርዶ ማየት

ኩሪዮሲቲ በኦገስት 2012 አረፈ። ያረፈው ከተራራው በስተ ሰሜን ባለው ሜዳ ላይ ነው። ከላይ የታየው የሸክላ ቀበቶ ከማረፊያው ክልል ውጭ ነበር። እንደ ዕቅዱ ሮቦቱ ወደ ተራራው መንዳት ነበረበት።

ቡድኑ ግን መጀመሪያ ፊቱን ወደ ተቃራኒው አዞረ። ግማሽ ኪሎ ሜትር ያህል በስተ ምሥራቅ ሦስት ዓይነት መሬት የሚገናኝበት ቦታ አለ። ከሦስቱ አንዱ በሌላ የምህዋር መሣሪያ ሲታይ የቀን ሙቀቱን ሌሊትም ይዞ ይቆያል። ሙቀት የሚይዝ መሬት በተለምዶ የላላ አሸዋ ሳይሆን የተጣበቀ ድንጋይ ነው። በክሪዝም ዓይን እዚያ ሸክላ አልታየም። ይሎውናይፍ ቤይ የሚል ስም ያወጡለት ይህ ቦታ የተመረጠው በመሬቱ ጠባይ ብቻ ነው።

በፌብሩዋሪ 2013 ሮቦቱ እዚያ ቆፈረ። ጉድጓዱ 1.6 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 6.4 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ነበረው። የላይኛው ገጽ እንደ ማርስ ሁሉ ቀይ ነው። ከመሰርሰሪያው የወጣው ዱቄት ግን ግራጫ ሆነ። ዱቄቱ በሮቦቱ ሆድ ውስጥ ወዳለው ኬምሚን ገባ። ኬምሚን በኤክስሬይ የማዕድንን ውስጣዊ አደራደር የሚያነብ መሣሪያ ነው፤ ይህ ዘዴ ከምድር ውጭ ሥራ ላይ ሲውል በዚህ ሮቦት የመጀመሪያው ነው። ውጤቱ 20 በመቶ ግድም ስሜክታይት አሳየ። ድንጋዩ በሐይቅ ውስጥ የተከማቸ ደቃቅ ጭቃ ሆኖ ተገኘ። በዚያው ዓመት ሜይ ላይ አጠገቡ ከምበርላንድ የተባለ ሁለተኛ ጉድጓድ ተቆፈረ፤ እዚያም ሸክላ ነበረ።

ከዚያ ረጅሙ ጉዞ መጣ። ሮቦቱ በ2014 ተራራው ግርጌ ደረሰ። በሚቀጥሉት ዓመታት ከሐይቅ ጭቃ ድንጋዮች ናሙና ወሰደ። ከ3 እስከ 28 በመቶ ሸክላ ነበራቸው። ይህም ቢሆን ከላይ ጎልቶ የታየ ቦታ አልነበረም። በዲሴምበር 2016 የመሰርሰሪያው የመግፊያ ክፍል ተበላሸ። በሜይ 2018 አዲስ የቁፋሮ ዘዴ እስኪሠራ ድረስ ድንጋይ አልተቆፈረም። ቀጥሎ ሄማታይት የተባለ የብረት ኦክሳይድ የሞላበትን የቬራ ሩቢን ጋራ አለፈ።

በጃንዋሪ 2019 ከማረፊያው ወደ 20 ኪሎ ሜትር ነድቶ ከላይ ሐምራዊ ሆኖ የታየው ሸለቆ ገባ። ስሙን ግሌን ቶሪደን አሉት። በኤፕሪል የተቆፈረው የመጀመሪያው ድንጋይ በጣም ልል ስለነበር መሰርሰሪያው እንደ መዶሻ መምታት አላስፈለገውም፤ በመሽከርከር ብቻ ገባ። በተልእኮው ታሪክ የመጀመሪያው ነው። መሰርሰሪያው ሲወጣ የድንጋዩ ሰሌዳ አብሮ ሲንቀሳቀስ በምስል ይታያል። ኬምሚን 30 በመቶ ግድም ሸክላ አገኘ። እስከዚያ ድረስ ሮቦቱ ካየው ሁሉ የሚበልጥ ነበር።

ምን ሠራ

ከላይ የተነገረው ትንበያ ትክክል ነበር። ሸክላ አለ የተባለበት ቦታ ሸክላ ተገኘ። ዓይነቱም ብረት ያለበት፣ ወደ ኖንትሮናይት የሚጠጋ ስሜክታይት ሆነ። 18 ሜትር ፒክስል ካለው ምስል ተነስቶ 1.6 ሴንቲ ሜትር ጉድጓድ ውስጥ ያለውን መናገር ቀላል ነገር አይደለም። ሮቦቱ ራሱ ርዝመቱ 3 ሜትር ነው፤ በአንድ ፒክስል ውስጥ ገብቶ ይጠፋል።

ማዕድንን ከንብርብር ጋር አብሮ ማንበቡም ፍሬ አፍርቷል። ተራራው ላይ ከታች ወደ ላይ የተጠበቀው ቅደም ተከተል በመንገዱ ላይ ተገኝቷል። ይሎውናይፍ ቤይን ያስመረጠው የሙቀት መረጃም መረሳት የለበትም። አንዱ መሣሪያ ዝም ሲል ሌላው ተናግሯል።

ምን አልሠራም

የምልክት አለመኖር ትርጉም አልነበረውም። ይሎውናይፍ ቤይ 20 በመቶ ሸክላ ይዞ ከላይ ባዶ መሰለ። ዋናው ምክንያት አቧራ ነው። ግሌን ቶሪደን ጎልቶ የታየው ሸክላ ስላለው ብቻ አልነበረም፤ ሸክላው ለዓይን ስለተጋለጠም ጭምር ነው። 28 በመቶ ሸክላ ያለበት ድንጋይ ሳይታይ ቀርቶ 30 በመቶ ያለበት ደምቆ ከታየ ልዩነቱን የፈጠረው የሁለት በመቶ ሸክላ ሊሆን አይችልም።

ከዚህ ጋር የተያያዘ ሌላ ድክመት አለ። የጎድጓዳው ጥልቀት የሸክላውን መጠን በቀጥታ አይናገርም። የቅንጣት መጠን፣ የድንጋዩ ጥቁረት፣ አብረው ያሉ ማዕድናትና አቧራ ሁሉ ይጫወቱበታል። ሐምራዊው በደመቀበት ቦታ ሸክላው ይበዛል ብሎ ካርታ ያነበበ ሰው ጌል ላይ መንገድ ይስታል።

መጠኑ በአጭር ርቀትም ይቀያየራል። በ2021 የወጣ ትንታኔ በአንድ የጭቃ ድንጋይ ንብርብር ላይ በ400 ሜትር ርቀት ውስጥ የተወሰዱ ናሙናዎችን አነጻጸረ። በአንደኛው ከሚጠበቀው ሸክላ ግማሹ ጠፍቶ በምትኩ የብረት ኦክሳይድ ተገኘ። ማብራሪያው ከላይ ካሉት የሰልፌት ንብርብሮች የሰረገ ጨዋማ ውሃ ሸክላውን አፍርሶታል የሚል ነው። ይህን ሂደት ከምህዋር ብቻ ሆኖ መተረክ አይቻልም ነበር።

አንድ ነገር ደግሞ ከጅምሩ የጎደለ ነበር፤ ብዙም ሲነገር አልሰማሁም። ኩሪዮሲቲ የሸክላው ምልክት የሚገኝበትን የኢንፍራሬድ ክልል የሚያይ መሣሪያ አልያዘም። ካሜራውና ሌዘሩ የሚያዩት ከ1 ማይክሮሜትር ብዙ ሳያልፍ ያቆማል። ስለዚህ መሬት ላይ ያለው መለኪያ ከላይ ካለው ጋር በአንድ ቋንቋ አላወራም። ክሪዝም የ1.9ና የ2.3ን ጎድጓዳ አየ፤ ኬምሚን የኤክስሬይ አደራደር አየ። ሁለቱም ሸክላ አሉ። አቧራው ምን ያህል እንደደበቀ፣ የትኛው ድንጋይ ምልክቱን እንደሰጠ ግን በዚያው በኢንፍራሬድ ቀርቦ ማየት አልተቻለም።

ለሌላ ሥራ ምን ይወሰዳል

የመጀመሪያው ትምህርት በቀጥታ ከሁለቱ ቁፋሮዎች ይወጣል። ከላይ "አለ" እና ከላይ "አይታይም" እኩል ዋጋ የላቸውም። ጥንቃቄው ከተጠበቀ "አለ" ይታመናል። "አይታይም" ግን ስለ ሽፋኑ ነው የሚናገረው። ይህ ማርስ ላይ ብቻ የሚሠራ አይደለም። የኢትዮጵያን ማዕድን ከሳተላይት ለማየት የሞከረ ሰው አፋር ላይ ያለውን ራቁት መሬትና ክረምት ላይ ሰብልና ሣር የለበሰውን ደጋ በአንድ ሚዛን ሊያስቀምጥ አይችልም። ማርስ ላይ አቧራ ያደረገውን ምድር ላይ ቅጠል ያደርገዋል። ዋልካው ከሰብሉ ሥር ሙሉ ስሜክታይት ሆኖ ተቀምጦ ሳተላይቱ አረንጓዴ ብቻ ያነባል። ካርታ የሚሠራ ሰው ከማዕድን ካርታው ጎን "እዚህ ማየት አይቻልም" የሚል የሽፋን ካርታ አያይዞ ቢያወጣ ብዙ ስህተት ይቀንሳል።

ሁለተኛው የቅደም ተከተል ጉዳይ ነው። ቀለሙ ይጠቁማል፣ የብርሃን መስመሩ ይመሰክራል፣ የመሬቱ ቅርጽ ያስታርቃል። የጌል ትንበያ የጸናው ምልክቱ ንብርብሩን ተከትሎ ስለሄደ ነው። ምልክቱ የመሬቱን ወሰን ጥሶ በምስሉ ዓምድ አቅጣጫ ቀጥ ብሎ ከሄደ ወይም እዚህም እዚያም ብቻውን የቆመ ፒክስል ከሆነ መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት መሣሪያው ነው። የ2015ቱና የ2018ቱ ታሪክ የሚለው ይህንኑ ነው።

ሦስተኛው የመሣሪያ ዕድሜ ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ኢንፍራሬድ የሚያይ ጠቋሚ መቀዝቀዝ አለበት፤ ካልሆነ የራሱ ሙቀት ምስሉን ያበላሸዋል። ክሪዝም ሦስት ማቀዝቀዣዎች ነበሩት። የመጨረሻው በ2017 ዕድሜውን ጨረሰ። መሣሪያው ጭራሽ የተዘጋው በኤፕሪል 2023 ነው። ምድርን ከሳተላይት የሚያየው አስተር የተባለ መሣሪያም ተመሳሳይ ዕጣ ደርሶታል። ሸክላን ለመለየት የሚያገለግሉት የኢንፍራሬድ ቀለማቱ በማቀዝቀዝ ችግር ከ2008 ወዲህ ጥቅም ላይ አይውሉም፤ ሌሎቹ ቀለማት ግን ከዚያ በኋላም ለዓመታት ሠርተዋል። ስለዚህ ዛሬ በአስተር የሸክላ ካርታ የሚሠራ ሰው የግድ ከዚያ በፊት በተነሳው ምስል ይሠራል። ከ2022 ወዲህ ደግሞ በዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ላይ የተተከለው ኤሚት የደረቅ መሬቶችን ማዕድን በ60 ሜትር ፒክስል እያነሳ ነው። ጥናት የሚያቅድ ሰው መረጃው የተነሳበትን ዓመት ብቻ ሳይሆን መሣሪያው በዚያን ጊዜ ጤነኛ እንደነበር ማየት አለበት።

ሌላው ባጭሩ የሚባል ነው። የምልክት ጥንካሬን ከጥቅም ጋር አንድ አድርጎ ማየት አያዋጣም። ማውርዝና ጌል ሲወዳደሩ ያሸነፈው ደካማው ነው። በማርች 2025 የታተመ ጥናትም በማርስ ላይ እስከዚያ ከተገኙት ሁሉ ትልልቆቹን ካርቦን ያላቸው ሞለኪውሎች ያወጣው ከከምበርላንድ ዱቄት ነው። ከምበርላንድ ያለው ይሎውናይፍ ቤይ ውስጥ ነው፤ ከላይ ሸክላ ባልታየበት ቦታ።

ቀጣዩ ፈተና

ቀጣዩ ተመሳሳይ ጉዳይ ኦክሲያ ፕላነም ነው። ኦሜጋና ክሪዝም እዚያ ብረትና ማግኒዥየም ያለበት ሸክላ በሰፊው አይተዋል። የአውሮፓው ሮቦት ሮዛሊንድ ፍራንክሊን የሚያርፈው እዚያ ነው። በ2022 መነሳት ነበረበት፤ ሩሲያ ዩክሬንን ስትወር ትብብሩ ተቋርጦ ቀኑ ወደ 2028 ተገፋ። እስከ 2 ሜትር ጥልቀት እንዲቆፍር ነው የተሠራው።

ጌል ላይ የጎደለው መሣሪያ በዚህ ሮቦት ላይ ይኖራል። በምሰሶው ላይ እንፊስ የተባለ የኢንፍራሬድ መሣሪያ ይቀመጣል፤ የሸክላው ምልክት ያለበትን ክልል ከጥቂት ሜትር ርቀት ያያል። በመሰርሰሪያው ውስጥ ደግሞ የጉድጓዱን ግድግዳ እየወረደ የሚያይ ማሚስ የተባለ ሌላ አለ። ሁሉም እንደታቀደው ከሠራ አቧራው የደበቀውና ያልደበቀው በአንድ ዓይነት መለኪያ፣ በአንድ ቦታ ላይ ይነጻጸራል። ክሪዝም ስለተዘጋ ለማነጻጸሪያ የሚያገለግለው እስከ ማቀዝቀዣው ማብቂያ ድረስ ያነሳው መረጃ ብቻ ነው።